ዕቅድ ከዕቃ ይቅደም



በዚህ ዓመት በከተማችን ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ አንድ ወሬ ይሰማል። ይኸውም የአገር ሽማግሌዎች፥ ነጋዴዎችና ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለከተማው፥ ለትምህርት ቤቱ፥ ለጤና ጣቢያውና በዙሪያው ላሉት የገጠር ቀበሌዎች ገመድ አልባ ኢንተርኔት የሚያዳርስ አንድ ትንሽ ድርጅት ለማቋቋም ማሰባቸው ነው። አሳቡ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን በየስብሰባው የሚነሣውን ጥያቄ ባዳመጥሁ ጊዜ ሁሉም «የትኛው መሣሪያ ይገዛ? ዋጋውስ ስንት ነው?» ይላል እንጂ «ማማው የት ይቁም? መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ነገ ዛፉ ሲያድግስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ገና ተማሪ ብሆንና በታላላቆቼ ፊት መናገር ቢያስፈራኝም እንኳ በዚች መጽሔት ላይ አስተያየቴን ለመግለጽ ተደፋፈርሁ። አስተያየቴም በአጭሩ ይህ ነው፤ ለገመድ አልባ መረብ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ቦታውና አሠራሩ ነው፤ መሣሪያው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም፤ ሁላችንም በዓይናችን ያየነው ነገር ስላለ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ወላጆቻችን ከኪሳቸው አዋጥተው ለትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት ማስገባታቸውን ታስታውሳላችሁ። ከከተማው መካከል ካለው አንድ ፎቅ እስከ ቤተ መጻሕፍታችን ጣራ ድረስ ሁለት አንቴናዎች ፊት ለፊት ተተከሉ። ርቀቱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው በተከፈተበት ቀን እኔም ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነበርሁ፤ እንዲያውም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር እያነበብሁ «ከእንግዲህ ወዲያ የሚያግደን የለም» ብዬ የፎከርሁት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ዓመት መልካም ሠራ። በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲገባ መዘግየትና መቆራረጥ ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት ፈጽሞ ጠፋ። የተከለው ሰው ተጠርቶ ቢመጣ «መሣሪያው ደክሟል፤ የበለጠ ኃይል ያለው ይገዛ» ብሎ ሄደ። ሆኖም አንድ ቀን ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ጣራው ላይ ወጥተን ወደ ከተማው ብንመለከት፥ በመካከሉ ባለው ሸለቆ አፋፍ ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍ አድጎ ያንን ፎቅ ከዓይናችን ሰውሮታል። መሣሪያውስ ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ዕቅድ ነው። ባሕር ዛፍ በልጅነቱ በዓመት ሁለትና ሦስት ሜትር እንደሚረዝም ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ዳሩ ግን አንቴናው ሲተከል ገበሬውን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለመረዳት ስል ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብብ ከረምሁ። የሬዲዮ ሞገድ ከአንቴና ወደ አንቴና እንደ ቀጭን ክር ተወጥሮ የሚሄድ አይደለም። በሁለት ጫፉ ቀጥኖ በመካከሉ ሆዱን ያሰፋል። ይህን የሰፋ ክልል በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ብርሃን ሞገድ ባጠናው ፈረንሳዊ ሊቅ በፍሬኔል ስም ይጠሩታል። ለምሳሌ ያህል፥ በ5.8 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ አንቴና በመካከለኛው ቦታ የክልሉ ስፋት ከመሐል እስከ ዳር 7 ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን 11 ሜትር ይደርሳል። ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው ከዛፍ፥ ከቤትና ከኮረብታ ነጻ መሆን አለበት። እንግዲህ «ማዶውን አየዋለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የምናይበት መሥመር ከዛፉ ጫፍ በላይ ለአራት ኪሎ ሜትር 4 ሜትር ያህል፥ ለዐሥር ኪሎ ሜትር ደግሞ 7 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ዛፉ ወደ ፊት የሚያድገውም በዚህ ላይ ይጨመራል።

«ኃይሉን መጨመር ነው» የሚሉም አሉ። ይህ አሳብ እኔም የነበረኝ ስለ ሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ እርጥብ ቅጠል ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይውጠዋል። ከዚህም በቀር ሞገድ የሁሉም ሀብት ነው። አንዱ ያለ ልክ በጮኸ ጊዜ ጎረቤቱ አይሰማም። ስለዚህ የማስተላለፊያ ኃይል በሕግ ይወሰናል። ዛፉን ለማለፍ ጩኸት ከመጨመር ይልቅ ምሰሶውን ከፍ ማድረግ ወይም ቦታውን መለወጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ሞገዱን ብዙ ሰዎች የሚካፈሉት መሆኑ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው በልዩ ልዩ ደሴቶች ላይ የነበሩትን ተጠቃሚዎች በሬዲዮ አማካይነት ከዋናው ኮምፒውተር ጋር አገናኙ። መረቡም «አሎሃ» ተባለ። በዚያ መረብ እያንዳንዱ በፈለገው ጊዜ ይናገር ስለ ነበር፥ ሁለቱ ባንድ ጊዜ በተናገሩ ቁጥር ቃላቸው ይጋጭና ሁለቱም እንደ ገና መናገር ነበረባቸው። በሒሳብ ሲሰላ ከመሥመሩ አቅም ለሥራ ሊውል የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው እጅግ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ችግሩ ከሥሩ አልጠፋም። ከኮረብታ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቤቶች ማማውን ይሰማሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይደማመጡም፤ ስለዚህ ሳይተዋወቁ ይጋጫሉ። ለእንዲህ ያለው አገር ማማው እንደ ስብሰባ መሪ ለእያንዳንዱ ቤት ተራ የሚሰጥበት መሣሪያ ያስፈልጋል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ለሚቀመጡ ሰዎች ግን የተለመደው ዋይፋይ ይበቃል። እንግዲህ የአገሩን አቀማመጥና የቤቶቹን ቦታ ሳያውቅ መሣሪያ የሚገዛ ሰው እግሩን ሳይለካ ጫማ እንደሚገዛ አይደለምን?

በካርቶን ላይ የሚጻፈውም ቁጥር ሊያታልለን አይገባም። 300 ሜጋቢት የሚል መሣሪያ ያንን ያህል የሚያስተላልፈው በአየር ላይ ያለው ሁሉ ሲቆጠር ነው። ከዚያ ውስጥ ለመቆጣጠሪያና ለተራ መጠበቂያ የሚሄደው ሲቀነስ፥ መላኩና መቀበሉም በየተራ መሆኑ ሲታሰብ፥ ለሰው የሚተርፈው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። አንድ አንቴና በእውነት 100 ሜጋቢት ሠራ እንበል። ለአርባ ቤቶች ለእያንዳንዳቸው 10 ሜጋቢት ተስፋ ብንሰጥ 400 መሆኑ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይጠቀምምና ቀኑን ያዘልቀን ይሆናል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ቤቱ ገብቶ ሲከፍት ተስፋችን ውሸት ይሆናል። ከሁሉም በላይ ከፋይበሩ የሚመጣው ምንጭ 100 ሜጋቢት ከሆነ ማማ ብናበዛ ከ100 አይበልጥም። ቦኖው አንድ ሆኖ እንስራው ቢበዛ ወረፋው ይረዝማል እንጂ ውኃው አይጨምርም።

በመንገድ ላይ የሚቆም ቅብብሎሽም እንደዚሁ ነው። አንዱ ሬዲዮ በዚያው ሞገድ እየተቀበለ መልሶ የሚያስተላልፍ ከሆነ በያንዳንዱ ቅብብሎሽ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ምንጩ የሚያይ አንድ ሬዲዮ፥ ወደ ቤቶች የሚያዩ ደግሞ ሌሎች ሬዲዮዎች ለየብቻቸው ሊኖሩ ይገባል። በአንድ ምሰሶ ላይ እያንዳንዳቸው 120 ዲግሪ የሚሸፍኑ ሦስት አንቴናዎች ቢቆሙ ዙሪያውን ያዳርሳሉ፤ ነገር ግን ሞገዳቸው እንዳይጋጭ መለያየት አለበት። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሳይደራረቡ የሚሠሩት መሥመሮች 1፥ 6 እና 11 ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱንም የየቤቱ ዋይፋይ ሞልቷቸዋል። በ5 ጊጋ ኸርዝ ቦታው ሰፊ ነው፤ ዳሩ ግን እንቅፋትን ለማለፍ ይደክማል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አምና በኮምፒውተር ክፍላችን አንድ ቀን በሙሉ ኢንተርኔቱ ብቻ ሳይሆን የመምህራን ቢሮና የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ሁሉ ደንዝዞ ዋለ። ምክንያቱም አንድ ተማሪ የተነቀለ ገመድ አግኝቶ ሁለቱንም ጫፍ በአንዱ ስዊች ላይ ስለ ሰካው ነበር። ያም ተማሪ እኔ ነኝ። ወሬው በዚያ ገመድ እየዞረ እየተባዛ መረቡን ሁሉ አጥለቀለቀው። ስሕተቱ የኔ መሆኑን አምናለሁ፤ ነገር ግን የአንድ ልጅ ስሕተት ግቢውን በሙሉ ማጨለሙ የዕቅድ ጉድለት አይመስላችሁምን? መረቡ በየክፍሉ በራውተር ተለይቶ ቢሆን፥ ስዊቹም እንዲህ ያለውን ዙር የሚያግድ ቢሆን ኖሮ የጠፋው የኔ ክፍል ብቻ በሆነ ነበር። የከተማው መረብ እንደዚሁ አንድ ወጥ ሆኖ ቢዘረጋ የአንድ ደንበኛ ጥፋት ጤና ጣቢያውን ያቋርጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማማ ለብቻው ይለይ፤ ለእያንዳንዱም የአድራሻ ቁጥሩ አስቀድሞ በመዝገብ ይጻፍ። ቢቻል ደግሞ ማማዎቹ በቀለበት ይያያዙ፤ አንዱ መንገድ ሲቆረጥ በሌላው ይዞራልና።

ስለ መብራትም ዝም ማለት አይገባም። በቀረበው ዝርዝር ውስጥ ለአንድ ማማ አንድ ባትሪ ብቻ ተጽፎ አይቻለሁ። እስቲ እናስላው። በማማው ላይ ያሉት ሬዲዮዎችና ራውተሩ በጠቅላላው 40 ዋት ይወስዳሉ ብንል በ24 ሰዓት 960 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 1,200 ዋት ሰዓት ነው፤ ነገር ግን የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት የምንጠቀምበት 600 ብቻ ነው። ይህም ዐሥራ አምስት ሰዓት ያቆያል። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ ለመቆየት 1,920 ዋት ሰዓት ስለሚያስፈልግ ባትሪው አራት መሆን አለበት። በሶላር የሚሠራ ከሆነም ስሌቱ በጥቅምት ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ደመና ይሁን። በኮረብታ ላይ የሚቆም ምሰሶ መብረቅ እንደሚጠራ ደግሞ ማንም ያውቃል። መሬት ውስጥ በሚገባ የተቀበረ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ከሬዲዮ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው።

አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ አሳቤን ሰምተው «ልጄ፤ ገንዘቡን በምሰሶና በባትሪ ከጨረስነው ሬዲዮውን በምን እንገዛዋለን?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኔ መልስ ይህ ነው፤ ሬዲዮ በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥ ያረጃል፤ የተሻለና የረከሰ ይመጣል። በደንብ የቆመ ምሰሶና በትክክል የተመረጠ ቦታ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በመልካም ምሰሶ ላይ ያለ ርካሽ ሬዲዮ ይሠራል፤ ከባሕር ዛፍ በስተጀርባ ያለ ውድ ሬዲዮ ግን አይሠራም። ስለዚህ ማጠር ካለብን በማማው ቁጥር እንጠር፤ ሦስት ደካማ ማማ ከማቆም አንድ ጠንካራ አቁሞ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛውን መጨመር ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እንዳይሆንብን።

ሌሎች ደግሞ «በኪሳችን ባለው ስልክ ኢንተርኔት አለን፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ጀምሯል፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይላሉ። ስልክ ለአንድ ሰው መልካም ነው። አምሳ ኮምፒውተር ላለው ትምህርት ቤት ግን በየስልኩ ካርድ እየሞሉ ማስተማር አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩን ሁላችንም እናውቃለን። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት እንደ ልቡ እየተጠቀመ የተለማመደ ልጅና በፈተናው ቀን ማውሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ልጅ እኩል ተፈተኑ ለማለት ይቻላልን?

ይህም ወደ ዋናው ነገር ያደርሰኛል። ማማው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ የፊዚክስ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ጥያቄ ነው። አሁን የታሰበው በገበያው አጠገብ ባለው ፎቅ ላይ እንዲቆም ነው፤ መብራትም ጥበቃም ስላለ ይቀላል። ነገር ግን ከዚያ ፎቅ የሚታየው ገበያውና ዋናው መንገድ ብቻ ነው። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ካለው ኮረብታ ላይ ቢቆም ግን ከገበያው ሌላ ትምህርት ቤታችን፥ ከወንዙ ማዶ ያለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላው ፊት ለፊት ይታያሉ። ከክፍላችን ጓደኞች ብዙዎቹ ከወንዙ ማዶ በእግራቸው የሚመጡ ናቸው። ወላጆቻቸውም እንደ ከተማው ነጋዴ ሁሉ ያዋጣሉ። ምሰሶው በፎቁ ላይ ከቆመ እነርሱ ገንዘባቸውን ከፍለው በጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ጥላውን የሚጥለው መሣሪያው አይደለም፤ ቦታውን የመረጥነው እኛ ነን።

ይህ ሊሠራ የማይቻል ሕልም ነው የሚል ካለ ወደ ሌሎች አገሮች ይመልከት። በኔፓል ተራሮች መካከል ናንጊ በምትባል መንደር የተወለዱት መምህር መሐቢር ፑን ከመንደራቸው ሰዎች ጋር ሆነው፥ መጀመሪያ ላይ በዛፍ ጫፍ አንቴና እየሰቀሉ፥ ከተራራ ወደ ተራራ እያቀባበሉ መንደሮቹን ከፖካራ ከተማ ጋር አገናኙ። ለዚህም ሥራቸው በ2007 እ.ኤ.አ. የራሞን ማግሳይሳይን ሽልማት ተቀበሉ። በስፔን አገር በካታሎንያም በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጊፊ ኔት ነዋሪዎቹ ራሳቸው እየተከሉ ከ30 ሺህ በላይ ጣቢያዎች ያሉት መረብ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ከእኛ የተለየ አየር የላቸውም፤ የኛም ተራራ ከነርሱ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ለአስተባባሪው ኮሚቴ በትሕትና የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፥ አንድም ዕቃ ሳይገዛ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 መሠረት ፈቃድና የሞገድ አጠቃቀም ከባለሥልጣኑ ይጠየቅ፤ የማይፈቀድ ሞገድ ላይ የሚሠራ መሣሪያ ገዝቶ መጸጸት አይጠቅምምና። ሁለተኛ፥ አገሩ በእግር ይለካ፤ ኮረብታው፥ ቤቱ፥ ዛፉና የዛፉ ባለቤት በካርታ ላይ ይጻፉ። ሦስተኛ፥ የምሰሶው፥ የባትሪውና የመብረቅ መከላከያው ወጪ ከሬዲዮው በፊት ይቆረጥ። አራተኛ፥ ከሚገዛው ሬዲዮ ሁሉ ቢያንስ አንድ አንድ መለዋወጫ በመጋዘን ይቀመጥ። አምስተኛ፥ ምሰሶ ላይ መውጣትና መጠገን የሚችሉ ወጣቶች ከዚሁ ከከተማው ይሠልጥኑ፤ ከሩቅ የሚጠራ ሰው ከመጣ በኋላ ተመልሶ ይሄዳልና።

ለሁለተኛው ሥራ ደመወዝ የሚጠይቅ ሰው መፈለግ አያሻም። የጂኦግራፊና የፊዚክስ መምህራኖቻችን ከመሩን፥ እኛ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየቅዳሜው ወጥተን እንለካለን። ኮረብታውን እናውቀዋለን፤ ከብት የጠበቅንበት ነው። የባሕር ዛፉንም ባለቤቶች እናውቃቸዋለን፤ አባቶቻችን ናቸው።

ውድ ወላጆች ሆይ፤ አንድ ጊዜ አዋጥታችሁ ገንዘባችሁ ጣራ ላይ ዝጎ ቀርቷል። ሁለተኛ እንዲሁ ከሆነ ሦስተኛ «አዋጡ» የሚል ሰው አታምኑም፤ አለማመናችሁም እውነት ይሆናል። የሚጎዳው ግን ከኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ነው። እናቶቻችን ድስቱን ከመጣዳቸው በፊት ይመጥናሉ። እኛም ካርቶኑን ከመክፈታችን በፊት ኮረብታው ላይ እንውጣ፤ ማዶውንም ደኅና አድርገን እንመልከት።